ጥርሱ የተሞረደ ሌንስ

«አንድ ሌንስ ሠሪ ነበረ፤» አሉ ጋሽ ይመኑ፣ የደሳለውን ጥያቄ ሰምተው ሲያበቁ።

ደሳለው የጠየቃቸው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ጋሽዬ፣ እናቴን ከወልድያ ላመጣት ነው። ብቻዋን መሆኗ አንጀቴን በልቶታል። ግን አውቃታለሁ፤ መመለሻ ካላት አትቀመጥልኝም። የቤቷ ካርታ እንደሆነ በእኔ ስም ነው። እሷ ሳትሰማ ቤቱን ልሽጠውና ልገላገል። ጥፋት አለው?»

ጋሽ ይመኑ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። «አለው» ወይም «የለውም» ብለው መመለስ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ይህን ነገሩት።

አንድ ሌንስ ሠሪ ነበረ። ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ፣ በሯ እንጦጦን የምታይ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የሻገተ ሌንስ ያጸዳል፤ አልዞር ያለ ዙም ያላላል፤ አሮጌ ሌንስ ከአዲስ ካሜራ ጋር ያጋባል። እጁ ወርቅ ነበር። እጁ ወርቅ የሆነ ሰው ደግሞ «አይቻልም» ማለት ያመዋል።

ሙያውን ያስተማረው ሰው አንድ ልማድ አውርሶት ነበር። የድሮ ሌንስ መቀመጫው ሊሞረድ ሲመጣ፣ ሌንሱ የነበረበት አሮጌ ካሜራ አጠገቡ ካልተቀመጠ ሞረድ አይነሣም። ሌንሱ ብቻውን ከመጣ ካሜራው በሌላ ሰው እጅ አለ ማለት ነውና፣ ያ ሰው መጠየቅ አለበት።

ከዕለታት አንድ ቀን ሰርግ የሚያነሣ ወጣት መጣ። አንገቱ ላይ አዲስ ካሜራ፣ በእጁ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የዙም ሌንስ ይዟል።

«ይሄን ከዚህ ጋር አዋድልኝ፤» አለ።

ሠሪው ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ሻጋታ የለውም። ዙሙ ቅቤ የተቀባ ይመስል ይንሸራተታል። በጥንቃቄ የተያዘ ዕቃ ነው።

«የማን ነው?»

«የፋዘር። ዓይኑ ደክሟል አሁን። ‹ውሰድ፣ ሥራበት› ብሎኛል።»

«ካሜራውስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ። ማን ፊልም ያነሣል በዚህ ዘመን? አንተ ደግሞ የሙዚየም ዘበኛ ነህ እንዴ?»

ሠሪው ሳቀና ወደ ሥራው ገባ። መጀመሪያ በሌንሱና በካሜራው መካከል ቀለበት አስገባ። ቀለበት ደግ ነገር ነው፤ ሌንሱን ሳይጎዳ ያጋባል፣ ሲፈልጉ ፈትቶ ወደ ድሮው መመለስ ነው። ግን ውፍረት አለው። ሌንሱን ከካሜራው ጥቂት ያርቀዋል፤ ያቺ ጥቂት ርቀት ደግሞ ሩቅ ማየቱን ትወስድበታለች። የወጣቱ ፊት ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየ። ወደ በሩ ሲያዞሩት ግን እንጦጦ ጭጋግ ሆነ።

«ቅርቡ ይበቃሃል፤» አለው ሠሪው። «ሙሽራ የምታነሣው ተራራ ላይ ነው?»

«አሁን ሰው ሁሉ የሚነሣው ሜዳ ላይ ነው፤ ሩቁ ካልታየ ምን ያደርግልኛል? ካልቻልክ ካልቻልክ በለኝ፣ ሌላ ጋ ልሂድ።»

ያሳተችው ይህቺ ቃል ናት። «ካሜራውን አምጣ፣ አባትህንም አምጣ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ዓይኑ ግን እንጦጦ ላይ ቀረ። ከእሱ እጅ የወጣ ሌንስ ተራራ ሳያጠራ ሊሄድ ነው! ቀለበቱን ፈታ። ሌንሱን ሞርሳ ላይ አሰረና፣ የድሮውን ካሜራ ነክሰው የሚይዙትን ጥርሶች በሞረድ ፋቃቸው። በቦታቸው አዲስ መቀመጫ በብሎን አሰረ። ወደ በሩ አዙረው ቢያዩበት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ ተለየ። ወጣቱ አቀፈው። ሠሪው ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ።

ብዙም ሳይቆይ ወጣቱ ተመለሰ። አሁን አንገቱን ደፍቷል። ከፊቱ አባቱ ነው፤ ሽማግሌው አሮጌውን ካሜራ አንግቷል፣ ሌንሱን በእጁ ይዟል።

«አልይዝ አለኝ፤» አለ ሽማግሌው። «ይሄ ልጅ ምን እንዳገኘው አይነግረኝም። እስቲ እይልኝ። ባለቤቴን ሐኪሞቹ ‹ቤቷ ትሁን› ብለው ሸኝተዋታል። ፊልሙ ላይ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ላነሣት ነው።»

ይህን እያለ ሌንሱን ካሜራው አፍ ላይ አድርጎ አዞረው። ዞረ። ደግሞ ዞረ። ሌንስ ሲገባ «ቀጭ» የምትል ድምፅ አለች፤ እሷ አልመጣችም።

ወጣቱ ቀስ ብሎ፣ «አባባ፣ ጥርሱ ተሞርዷል። ለእኔ ካሜራ እንዲሆን ነው፤» አለ።

«ተሞርዷል?»

«ሥራበት አላልከኝም?»

«በሬ ያዋሰ ሰው ቀንዱ ተቆርጦ ይመለስለታል?» አለ ሽማግሌው። አልጮኸም።

ወጣቱ የራሱን ካሜራ አቀበለው። ሽማግሌው ሞከረ። ዓይኑ መስታወቱ ላይ የሚያየው ጠፋው፤ አውራ ጣቱ ፊልም መሳቢያውን ፈልጎ አጣ። ሲነካው ካሜራው ጮኸ።

«ይቺን ጩኸት ትሰማታለች፤» አለ። «ትሰማና ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከወጣትነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ፣ እሷ ስትረሳኝ፣ በዚህ ሌንስ አቅርቤ ነው የማነሣት።»

«እሺ እኔ ላንሣልህ።»

«አንተ ስትገባ ተነሥታ ልትቀመጥ ትሞክራለች። እንዳትሰጋ ብላ የደኅና ሰው ፊት ታሳይሃለች። እኔ የምፈልገው የራሷን ፊት ነው፣ ልጄ።»

ሠሪው «የድሮውን መቀመጫ ፈልጌ እተካለሁ፣ አባቴ፤ ይታገሡኝ» አለ። ለምትሞት ሴት ‹ይታገሡኝ› ማለቱን ራሱ ሰማና አፈረ። ሽማግሌው ጥርሶቹ የነበሩበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው።

«ሥራህ ንጹሕ ነው፤» አለው።

ቢረግመው ይሻል ነበር። ከዚያ ካሜራውን ከአንገቱ አውርዶ ከሌንሱ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተወው። «ዓይኑን ካወጣችሁለት ቀፎውን ምን ላድርገው?» ብሎ ወጣ።

ሠሪው ከተማውን አሰሰ። ከሞተ ሌንስ ላይ አንድ መቀመጫ አገኘ፣ ተካው፣ ካሜራውንም ይዞ ወደ ሽማግሌው ቤት ሮጠ። ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። የያዘውን ከጋቢው ሥር አላወጣውም።

ጋሽ ይመኑ ወደ ደሳለው ዞሩ። ደሳለው ሊስቅ ሞከረ። «እናቴ ሌንስ ናት እንዴ፣ ጋሽዬ?»

«አይደለችም። ሌንስ ‹ለምን?› ብሎ አይጠይቅም፤ እሷ ግን ትጠይቅሃለች። የወልድያው ቤት እሷን ነክሶ የያዘ ነው። ጎረቤቷ፣ ደብሯ፣ ባሏን የቀበረችበት አፈር፤ ጥርሶቿ እነዚህ ናቸው። አንተ እነሱን ፍቀህ ከኮንዶሚኒየምህ ጋር ልታዋዳት ነው። ትገጥም ይሆናል፤ እጅህ ወርቅ ነው። ጉዞው ኃጢአት የለውም፤ አምጣት። ግን በቀለበት አምጣት። ክረምቱን ካንተ ትክረም፤ ለበዓል ቤቷ ትግባ። መቼ ብድግ ትልብኝ ይሆን እያልክ ሩቁ ጭጋግ ይሆንብሃል። ይሁንብህ። ቅርቡን፣ ፊቷን፣ ታየዋለህ።»

ጋሽ ይመኑ ቀጠሉ፦

«ጥያቄህንም እኔን አይደለም የምትጠይቀው። ወልድያ ሩቅ ቢሆንም ሂድና ራሷን ጠይቃት። ‹አልመጣም› ካለችህ ታዝናለህ። እዘን። የእምቢታ ሐዘን ውሎ አድሮ ይለቃል፤ የዚያ ሠሪ ሐዘን ግን እስኪሞት አልለቀቀውም።»