ጃርትና የወይራው ገበጣ

አንድ ጊዜ፣ ገበጣና ሰንጠረዥ ብቻ የሚጠርብ ጃርት ነበር። ጥርሱ መሮ፣ እሾሁ ወስፌ! በበጋ የወንዙ ውሃ ሲያንስ አንበሳና ጎሽ በጥፍርና በቀንድ ከሚፋለሙ በእሱ ገበጣ ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ ቀድሞ ይጠጣል። ለዚህ ውለታው አንበሳ የወይራውን ጫካ ሰጥቶታል፤ «በየበጋው አዲስ ገበጣ ካላመጣህ ግን ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሎ።

ቀበሮ ወይራው ሥር ጎሬ መቆፈር ካማራት ቆይቷል። በጋው ሊገባ ሲል ከች አለች።

«ጋሽ ጃርት፣ ዛሬም ገበጣ? ዛሬም ሰንጠረዥ? ዘመኑ ጥሎህ ሄደ እኮ!»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ለጦጣ የሚሽከረከር፣ ለዝንጀሮ የሚወረወር፣ ለኤሊ የሚገፋ! አያ ጅቦ ያግዝሃል።»

የጃርት እሾህ በደስታ ቀጥ አለ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ጀመረ። ድሮ ገበጣ ጠርቦ ራሱ አንድ ዙር ሳይጫወትበት ለማንም አይሰጥም ነበር፤ አሁን ግን ገበጣውንም ረሳው። ለአዲሶቹ ጨዋታዎች ከአጥንት ጠጠር ፈልፍሎ፣ እንዲጠብቅለት ለጅብ ሰጠው። አዎ፣ አጥንት ለጅብ!

በማግስቱ፣ «አያ ጅቦ፣ አጥንቶቹስ?» አለው።

«እንዴ፣ ምሳዬ አልነበሩም? ለመዋጥ እንዲመቸኝ ያድቦለቦልክልኝ መስሎኝ ስመርቅህ ዋልኩ እኮ!»

ወዲያው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንበሳ መጣ።

«ገበጣዬስ?»

ጃርት ዙሪያውን አየ። ግማሽ የሚሽከረከር፣ ሩብ የሚወረወር፤ ገበጣ ግን የለም! ቀበሮ ከአንበሳ ኋላ ሆና ጫካውን በዓይኗ ትለካለች። ወንዙ ዳር ጎሽ ቀንዱን ይስላል።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ አደርሳለሁ!» አለ ጃርት። «ካልደረስኩ ጫካው ይቅርብኝ!»

ወይራውን ያዘው። ክርትፍ ክርትፍ! ፍቅፋቂው ተበተነ።

«በለው ጃርቴ! በለው!» ይላል ጅብ።

ጉድጓዶቹ ሲያልቁ ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች።

«አለቀ አይደል? ስጠውና እንገላገል» አለች ቀበሮ።

«ሳልጫወትበት? በጭራሽ! አያ ጅቦ፣ ና ተቀመጥ!»

አንዷ ጉድጓድ ላይ ጠጠሩ እየነጠረ ወጣ፤ ጥልቀቷ አንሷል። ጃርት ቶሎ ቶሎ ፈልፍሎ አስተካከላት። ጅብ በበኩሉ አጥንት መስሎት አንድ ጠጠር ሰርቆ ነከሰና «ወይኔ ጥርሴ!» ብሎ ዘለለ።

የመጨረሻዋ ጨረር ሳትጠፋ አንበሳና ጎሽ ተቀመጡ። ጠጠሩ ከጉድጓድ ጉድጓድ ኮለል አለ፣ አንዲትም አልተፈናጠረች። ጎሽ አሸነፈ! አንበሳ እርር ድብን ቢልም ጠጠሩ ሁሉ በየቤቱ ነውና የሚያማርርበት አጣ፤ ተራውን ጠበቀ። ደም አልፈሰሰም፣ ጫካውም ለጃርት ጸና።

ቀበሮ ግን መች ታፍራለች? በማግስቱ መጥታ፣ «ጋሽ ጃርት፣ ስለ አዲሱ ጨዋታ…» ስትል፣ ጃርት ከወይራው ቀና ሳይል መለሰላት፦

«ሂጂ እቴ! ገበጣውን ገና መች ጠገብኩትና!»

ከዚህ የምንማረው፣ እጃችን የተካነበትን ሥራ ይዘን ዕለት ዕለት ብናሳምረው እንደሚያኮራን፣ ባማረን ሁሉ ላይ ብንዘል ግን በእጃችን ያለውንም እንደምናጣ ነው።