ስም ያልወጣለት ውሃ

በአንድ ወቅት፣ የጨው ነጋዴዎች በሚያልፉባት አንዲት የቆላ መንደር አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ያሏት እናት ነበረች። ታላቋ ሽታዬ እንግዳ ሲናገር አፍ አፉን እያየች ቃል ትለቅማለች። መካከለኛው ደመላሽ ዝምተኛ ነው፤ ነገሩን ሁሉ በእጁ ዳብሶ ያውቃል። ትንሿ ትብለጥ ደግሞ ላየችው ሁሉ የራሷን ስም ታወጣለች፤ ማንኪያን «አጉራሽ»፣ ጥላዋን «ተከታይ» ትላለች። እናቷ «ስም አለው እኮ!» ስትላት «እሱ የእናንተ ነው» ብላ ትመልሳለች።

አንድ ጠዋት ልጆቹ ለማንም ሳይናገሩ ቤት የሚለቀለቅበት ነጭ አፈር ሊያመጡ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ያለ ዋሻ ገቡ። ሲቆፍሩ ጣሪያው ተናደና የዋሻው አፍ ተደፈነ። የቀረችው ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ብቻ ነበረች። ጮኹ፤ የመጣ የለም። ስንጥቋ ጨለመች፤ ደግሞ ነጣች። ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣበቀ።

«እትዬ፣ እንሞታለን?» አለች ትብለጥ።

ሽታዬ የለቀመችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። እቅፍ አደረገቻት።

ደመላሽ ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ጨለማው ዘለቀ። ድንጋዩ ደረቅ ነበር፤ ቆይቶ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ረጠበ። በጥፍሩ ጫረው፤ ጭቃ ሆነ፤ ቀጥሎም ውሃ መጣ። ተመልሶ ሲመጣ ምንም አልተናገረም። እርጥብ እጁን በእህቶቹ ከንፈር ላይ አሳረፈ።

ዋሻው ግን ብዙ መታጠፊያ ነበረው። ሽታዬ ብቻዋን ልትጠጣ ሄዳ ጠፋች፤ በስንት ጩኸት ተመለሰች። ውሃው ዘንድ ቢቀመጡ በውጭ የሚያልፍ አይሰማቸውም፤ ስንጥቋ ዘንድ ቢቀሩ ጥሙ ይገድላቸዋል። ያን ጊዜ ትብለጥ በመንገዱ ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ እያስነካቻቸው ስም አወጣችለት።

«ይሄ የላም አፍንጫ። ይሄ የአክስቴ ጉልበት። ይሄ ደግሞ ሙልጭልጬ።»

ስሙን እየጠሩ ሄዱ፤ እየጠሩ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ የጠፋ የለም።

በሦስተኛው ቀን ግመሎች ሲያልፉ ተሰማ። ልጆቹ «ድረሱልን!» አሉ። ነጋዴዎቹ ቋንቋቸው ሌላ ነው፤ ደግሞም በዚያ ዋሻ የሰው ድምፅ የሚያስመስል ጋኔን አለ ሲባል ሰምተዋል። ግመሎቻቸውን ነድተው ሊርቁ ተነሡ። ሽታዬ ከቋንቋቸው የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ነጋዴዎች በእነሽታዬ ደጅ ሲያልፉ የሚሉት፣ «ጠማኝ» ማለት ነው። እሱን ጮኸች።

ትብለጥ እጇን ጎተተቻት። «እትዬ፣ አሁን ጠጣን እኮ! አልጠማንም!»

«ሌላ ቃል የለኝም» አለችና ደግማ ጮኸች።

የነጋዴዎቹ መሪ ቆመ። «ጋኔን ውሃ አይጠማውም» አለ። ድንጋዩን ፈንቅለው ልጆቹን አወጧቸው።

መንደሩ ውሃ የሚቀዳው ከግማሽ ቀን መንገድ ነበርና የምንጩ ወሬ ሲሰማ እልል ተባለ። በዚያ አገር ለምንጭ ስም ያወጣ ሰው እስኪሞት የምንጩ ዳኛ ነው፤ የቀጂዎችን ተራ የሚሰጠው እሱ ነው። ሽማግሌዎች ልጆቹን አስቀርበው ስሙን ማውጣት የማን እንደሆነ ጠየቁ።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለ ደመላሽ።

«ተመልሰን ያገኘነው በኔ ስሞች ነው» አለች ትብለጥ።

«እኔ ባልጣራ ከነውሃው ተቀብረን እንቀር ነበር» አለች ሽታዬ።

ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም። አንዱ «ደመላሽ ውሃውን ነካ እንጂ አንዲት ቃል አልሰጠውም» አሉ። ሌላው «የትብለጥን ስሞች ከሦስቱ በቀር የሚያውቃቸው የለም፤ ይሄ ቃል ይባላል?» አሉ። ሦስተኛው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሽታዬ ጠማኝ ስትል ከንፈሯ እርጥብ ነበር። በውሸት ውሃ ስም ይወጣለታል?»

«ውሸት ከሆነ፣» አለች እናታቸው፣ «ልጆቼን ያወጣቸው ምንድን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱ ተነሡ። ምንጩ እስከ ዛሬ ስም የለውም፤ ሰዎች «እዚያ» ብለው ይወርዳሉ። ተራ ሰጪ ስለሌለም እየተጋፉ እንስራ ይሰብራሉ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ የውሃውን ስም ማውጣት የሚገባው ለማን ነው?