የጅብ ጥርስና የአህያ ጭራ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚልኩበት ዘመን፣ አንዲት ውርንጭላ አህያ ወንዝ ተሻግራ ትማር ነበር። መምህሯ የኔታ ዔሊ በየጠዋቱ «ድር ቢያብር?» ሲሉ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «አንበሳ ያስር!» ይላሉ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አያ አንበሶ ይህን በሰማ ቁጥር ያጉረመርማል፤ ምን ያድርግ፣ ተረቱን አንዴ ተርተውበታል። ተማሪዎቹ ተረቱን እንደ ውሃ ጠጥተውታል፤ ደወል ሲደወል ግን ማንም ማንንም አይጠብቅም። ባለፈው ክረምት ጥንቸል ብቻዋን ስትሻገር ደራሽ ውሃ ወሰዳት። የኔታ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን ከፋፍለው ወደ ወንዙ ይዘዋቸው ወረዱ።

«አፋችሁ ተምሯል፤ ዛሬ ደግሞ እግራችሁ ይማር። እየተያያዛችሁ ትሻገራላችሁ። የመጨረሻው ጭራ ከውሃ ሳይወጣ ቡድኑ ተሻገረ አይባልም» አሉ።

አህያ ምድቧን ስትሰማ ጆሮዋ ወደቀ። ከፊት እሷ፣ ከኋላዋ ጭራዋን በጥርሱ የሚይዝ ጅብ፣ ከእሱ ቀጥላ ጦጣ፣ መጨረሻ ላይ ቀበሮ።

«የኔታ፣ ጭራዬን ለጅብ? በጤናዎ ነው?»

«ልጄ፣ ውሃውን ሰብሮ የሚሄድ ጉልበት ያለው አንቺ ዘንድ ነው፤ የማይለቅ መንጋጋ ያለው ደግሞ እሱ ዘንድ። ከየት ላምጣ?»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «መያዝ ብቻ ነው እንዴ የኔታ? ትንሽ መቅመስም አይቻል?»

«መያዝ ብቻ!»

ገቡ። አህያ በየእርምጃዋ የምታስበው ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ጥርሱ ነበር። መሃል ሲደርሱ ቀበሮ የጦጣን ጭራ ለቀቀና ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ቀደማቸው።

«የኔታ፣ እኔ ደረስኩ ማለት ቡድኑ ደረሰ ማለት ነው! ማርካችንን ያዘጋጁ!» አለ፣ ገና ሳይደርስ።

ይኼኔ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ከች አለ። ወንዙ ደፈረሰ፣ አጓራ፣ ድንጋዮቹን ዋጠ። ቀበሮ አንዲት ድንጋይ ላይ ቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም መዝለያ የለውም። «ኧረ ድረሱልኝ!»

ጦጣ በአንድ እጇ ጅብን እንደያዘች ወደ እሱ ተንጠራራች። ጅብ ውሃው እንዳይወስደው ጥርሱን አጥብቆ ገጠመ። የአህያ የፊት እግሮች ማዶውን ረግጠዋል፤ ጭራዋ ግን እሳት ሆነባት። «አለቀልኝ፣ በላኝ!» አለች በልቧ። አንድ ርግጫ ብታሳርፍበት ትገላገላለች። እግሯን አነሳች።

ዞር ስትል ዓይኑን አየች። የረሃብ ዓይን አልነበረም። ጅብ ፈርቷል፣ ልክ እንደ እሷ ፈርቷል። አሳዘናት። ያነሳችውን እግር መልሳ ጭቃው ውስጥ ተከለችው።

«ያዝ፣ አያ ጅቦ! እንዳትለቅ!»

ጦጣ የቀበሮን ማጅራት ጨበጠች። አህያ ጎተተች። አንድ በአንድ ወጥተው ዳር ላይ ተዘረሩ። ቀበሮ ዳግም ማርክ አልጠየቀም።

«ለምን አልበላኸኝም?» አለች አህያ ትንፋሿ ሲመለስ።

ጅብ ማሰብ ስለሚከብደው ግንባሩ ተሸበሸበ። «ጭራሽን ብበጥሰው ምን ይዤ ልወጣ ነበር?» አለ፣ ፀጉር ከአፉ እየተፋ።

ማታ እናቷ የጥርሱን ምልክት ስታይ ጮኸች። «ወይኔ ልጄን! ጅብ ነከሰሽ!»

«አልነከሰኝም እማዬ፣» አለች አህያ፣ «ይዞኝ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ መተባበር በቃል ስለተጠና ብቻ እንደማይታወቅና የምንፈራውን ጓደኛ ሳይቀር ይዘን፣ በእሱም ተይዘን ስንሻገር የሚገባን ትምህርት መሆኑን ነው።