ከእንጓዳይ የጀመረው ዘር

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። በሰንበሌጥ ደብር ግቢ የቆሙት ጽዶች ገና ከጉልበት ሳያልፉ፣ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ማዶ ያለው አገርም ጫካ ሳለ ነው። ጆሮ ያለው ይስማ። እንቅልፍ የመጣበት ካለ ከአሁኑ ገብቶ ይተኛ፤ መሐል ላይ ሲያንኮራፉብኝ አልወድም።

በዚያ ዘመን በሰንበሌጥ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም ነበር። ከስሙ ቀጥሎ አንድ ነገር ይጨመርለታል። ዘሩ የታወቀ በአባቱ ይጠራል። ዘሩ ያልታወቀ በሥራው ይጠራል፤ ሸማኔው፣ አናጢው፣ ደወል ደዋዩ ይባላል። ሥራ የሌለው ደግሞ በጉድለቱ ይጠራል፤ ሸፋፋው፣ ኮልታፋው ይባላል። በአባቱ የሚጠራ ሰው ርስት ያርሳል፣ ሸንጎ ይቀመጣል፣ ልጅ ይዳርለታል። ሌላው የሰው መሬት እያረሰ ይኖራል። ዳኛ ፊት የቆመ ሰው የማን ልጅ ነህ ሲባል አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አለበት። መሐል ላይ ከተደናቀፈ መሬቱ ለሌላ ይሄዳል።

እንጓዳይ በዚያ መንደር የምትኖር ገመድ ገማጅ ነበረች። አባቷ ደህና ስም ነበረው፤ ቁራሽ ርስትም ትቶላታል። ባሏ በጊዜ ሞቶባታል፤ ልጅ አልነበራትም። ቃጫ ትፍቃለች፣ ታሰጣለች፣ ጭኗ ላይ ትገምዳለች። የመንደሩ በሬ ሁሉ የሚታሰረው በእሷ ገመድ ነው። ብዙ አትናገርም። አንዴ እምቢ ካለች ግን እምቢ ናት። መንደሩ ደረቅ ይላት ነበር። እውነትም ደረቅ ነበረች፤ ደግ አደረገች።

አንድ ጊዜ ክረምት ሊገባ ሲል ጨው የጫኑ የሲራራ ነጋዴዎች መጥተው ጥቁር ውሃ ዳር ሰፈሩ። ተስቦ ይዟቸው ነበር። መንደሩ ይህን ሲሰማ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ በእሾህ አጠረ። ማንም እንዳይወርድ ተገዘተ። ውሎ አድሮ ከሰፈሩ ጭስ መውጣት አቆመ። በቅሎዎቹ ባለቤት አጥተው ሜዳውን ይዞሩት ጀመር። በመጨረሻ የሚሰማው የአንድ ሕፃን ልቅሶ ብቻ ሆነ። ሴቶቹ ሰምተው ጆሯቸውን ያዙ። ወንዶቹ ሰምተው ወደ ጓሮ ዞሩ። እንጓዳይም ሰማች። ጆሮዋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። በጣም ፈራች። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ፣ እሾሁን በዱላ ገፍታ ወረደች።

ከሞቱት መሐል አንድ ወንድ ልጅ በሕይወት አገኘች። እናቱ እንዳቀፈችው ሞታለች። የማን ልጅ ነው ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አልተረፈም። እንጓዳይ ልጁን ታቅፋ ስትመለስ ሰዎቹ ድንጋይ ይዘው አጥሩ ላይ ጠበቋት። ልጁን ጥለሽ ግቢ፣ አለበለዚያ እዚያው ቅሪ አሏት። እሺ፣ እቀራለሁ አለች። ከመንደሩ ውጭ ዛፍ ሥር የቅጠል ጎጆ ቀለሰች። ፍየሏን በሩቁ ለቀቁላት፤ ወተቷን እያለበች አጠጣችው። ክረምቱ ላያቸው ላይ ዘነበ። ልጁ አልሞተም፤ እሷም አልሞተችም። መስከረም ሲጠባ ልጁን አዝላ ወደ ቤቷ ገባች። ስሙንም ይግዛው አለችው።

እሷ ይግዛው ትበል እንጂ መንደሩ ወንዝ አመጣሽ ነው ያለው። እሳት ሊጭር ጎረቤት ሲሄድ ወንዝ አመጣሽ መጣ ይሉታል። ሲመለስ ወንዝ አመጣሽ ሄደ ይሉታል። እንጓዳይ የምትገምደውን ሳታቆም፣ ይግዛው እንጓዳይ ነው የሚባለው ትላለች። እነሱም ይስቃሉ። በዚያ አገር በሴት ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሴት ያሳደገው ማለት ስድብ ነው፤ እሷ ደግሞ ስድቡን አንስታ የአባት ስም አደረገችው። ሳቁባት። በነጋታው ይግዛው እንጓዳይ አለች። አሁንም ሳቁባት። በሌላውም ቀን ይግዛው እንጓዳይ አለች።

ልጁ ጎረመሰ። ጫንቃው ሰፋ፣ ክንዱ ጠነከረ። በዚያው ዓመት አንበጣ መጣና አገሩን በላው። ጎተራ ሁሉ ተራገፈ። የአንድ ሰው ጎተራ ብቻ አልተነካም፤ እሱም የግራዝማች ወንድይራድ ነው። ግራዝማች ሀብታም ነው፣ ወንድ ልጅ ግን የለውም። አንድ ቀን እንጓዳይን አስጠራትና ጎተራው ደጃፍ ላይ አቆማት። ልጁ በእኔ ስም ይጠራ አላት። ይግዛው ወንድይራድ ይባል፣ እያረሰልኝ ይኑር፣ አንቺም ከጎተራዬ እየሰፈርሽ ትበያለሽ፤ የአንቺ ስም ግን ከእሱ ስም አጠገብ ሁለተኛ እንዳይነሳ አላት።

እንጓዳይ እህል ከቀመሰች ሰንብታለች። ከግራዝማች ቤት የሚቆላ ገብስ ሸተታት፤ ምራቋ አፏን ሞላው። ደግሞስ ለልጁ ሲፈለግ የኖረው የአባት ስም ይኸው ተገኘ። በዚያች ሰዓት እሺ ብትል እኔ አልፈርድባትም፤ እናንተም አትፈርዱባትም። እሷ ግን ርስትዎን ያወርሱታል ወይ ስትል ጠየቀችው። ግራዝማች ሳቀ። ርስቱ የሥጋ ዘመዶቼ ነው፣ የምሰጠው ስሙን ብቻ ነው አላት።

«ግራዝማች፣» አለችው፣ «ያኔ ወንዝ ዳር ሲያለቅስ ስሙን ይዞለት የወረደ ሰው አላየሁም። አሁን ጫንቃው ሲጠና ነው አባት የሚመጣለት?»

ይህን ብላ ባዶ ስልቻዋን ይዛ ተመለሰች። ይግዛው ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። ሙሉ ጎተራ እምቢ ብለሽ ሳማ ልታበይኝ ነው ወይ አላት። ሳማውን ለቅማ፣ ቀቅላ አቀረበችለት፤ እሱም እያጉረመረመ በላ። ሥራ ሥር ማሱ፣ ቅጠል ቀቀሉ። እንደ ምንም ብለው ዝናብ ላይ ደረሱ። ግራዝማችም ሁለተኛ አልጠራትም።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ይግዛው ሙሉ ሰው ሆነ፤ እንጓዳይ አረጀች። ከመሞቴ በፊት የአባቴን ርስት ለልጄ ላውርስ አለች። የአባቷ ወገኖች አይሆንም ብለው ሸንጎ አቆሟት። ይግዛው የዘራችን ሥጋ አይደለም አሉ። ከተፈረደበት እንጓዳይ በሞተች ማግሥት ከቤቱም ከመንደሩም ይወጣል። ሰዉ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከሁሉ ይልቅ እሷ ታውቃለች። በዱላዋ ተደግፋ መጣች፤ ተቀመጪ ሲሏት አልቀመጥም አለች።

ዳኛው አባ ድንበሩ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያወጧት ፈለጉ።

«እንጓዳይ፣» አሏት፣ «ደብሩ በር ላይ ቁሚና ከማህፀኔ ወጣ ብለሽ ማይ። ከማልሽ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። የሚከራከርሽ የለም።»

በሸንጎው እውነቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ብትምል ሊያልፉላት አብዛኞቹ ተዘጋጅተዋል። ይግዛውም አይን አይኗን አያት። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። ያቺን ቃል ብትናገር መሬቱ የእሱ ነው።

«አልወለድኩትም፣» አለች እንጓዳይ። «የወለደችው እዚያ ወንዝ ዳር እንዳቀፈችው ቀርታለች። ወለድኩት ብዬ ከማልኩ እሷን ሁለተኛ ገደልኳት ማለት ነው።»

የአባቷ ወገኖች እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ። አባ ድንበሩ ከፋቸው። እንግዲያውስ ብለው ሊፈርዱ ሲሉ እንጓዳይ ዱላዋን አነሳች። አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። ይፈቀድልሽ አሏት። አባ ድንበሩ፣ አባቶችዎን ይቁጠሩልኝ አለቻቸው። ሽማግሌው ግራ ገባቸው፤ ግን ቆጠሩ። አንዱን ከአንዱ እያያዙ ሄደው ሄደው ሰባተኛው አጣናው ላይ ቆሙ። አጣናው ያንን አገር መጀመሪያ ያቀና ሰው ነው። በሸንጎው ያለው ሰው ሁሉ ሲቆጥር ማረፊያው እሱ ነው።

«አጣናውስ የማን ልጅ ነው?» አለች።

መጥረቢያውን ይዞ ብቻውን ከወንዝ ማዶ መጣ ከሚለው በስተቀር ስለ አጣናው የሚያውቁት አልነበረም።

«መንገደኛ ነበር፣» አለች እንጓዳይ። «የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚመልሰው ሰው አጥሩ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ አንዳችንም እዚህ አንቀመጥም ነበር። የእናንተ ዘር ከአጣናው ጀመረ። የይግዛው ከእኔ ይጀምራል። እኔን መጀመሪያ አድርጋችሁ ቁጠሩት።»

አባ ድንበሩ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። በኋላ ቀና አሉና ይግዛውን ተነስተህ ቁጠር አሉት። ተነሳ።

«ይግዛው እንጓዳይ፣» አለ።

«ከዚያ በላይስ?» አሉት።

እናቱን አያት። እሷ አልነገረችውም፤ ቀጥ ብላ ቆማ ነው የጠበቀችው።

«ከዚያ በላይ መንገደኛ፣» አለ።

«የእኔም ከዚያ በላይ መንገደኛ ነው፣» አሉ አባ ድንበሩ። መሬቱንም ለይግዛው ፈረዱ። የአባቷ ወገኖች አጉረመረሙ፤ ነገር ግን አጣናውን የማን ልጅ እንደሚሉት አላወቁምና ይግባኝ የሚል አልተገኘም።

እንጓዳይ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ይግዛው ግን አገባ፣ ወለደ፣ ከበደ። ልጆቹ እንጓዳዮች ተባሉ፤ ዛሬ በሰንበሌጥ የሌሉበት ጎጥ የለም። ሌላውን አባታቸውን ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ እሷ ላይ ሲደርሱ ግን ተነስተው ነው ስሟን የሚጠሩት። የአጣናውም ልጆች ሰባቱን ከቆጠሩ በኋላ፣ ከዚያ በላይ መንገደኛ ሳይሉ አያበቁም። ይህን ያልጨመረ ልጅ ቆጠራ አልተማረም ይባላል።

ለዚህም ነው በሰንበሌጥ መሽቶበት የመጣን እንግዳ እግሩን ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ ያስተኙታል እንጂ የማን ልጅ ነህ ብለው የማይጠይቁት። መልሱን አስቀድመው ያውቁታል፤ የራሳቸውም መልስ ያው ነው።