ሸኽ ጀውሀር ያልደበቁት ሞት

ስሟን ማንሳት በማያስፈልገን አንዲት የጥንት ከተማ ውስጥ ሸኽ ጀውሀር የሚባሉ አሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ይኖሩ ነበር። በዘመናቸው ከተማይቱን ወረርሽኝ መታት። ሹሙ ከከተማው ውጭ የበሽተኞች ማቆያ አሠራ፤ ሕዝቡ ግን «እዚያ የገባ አይወጣም» እያለ በሽተኛውን በየጓዳው ደበቀ። በሽታውም ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ።

ሸኹ መክረው መክረው ሰሚ አጡ። በመጨረሻ ልጃቸው ሰዓዳ ስትታመም በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ደግፈው ወደ ማቆያው ወሰዷት። ይህን ያየ ሁሉ በሽተኛውን ይዞ ተከተላቸው።

ሰዓዳ ሞተች።

ሹሙ መጣና «ሸሆቹ፣ ሞቷ ለጊዜው ይደበቅ። ይህን ከሰሙ አንድም በሽተኛ አያመጡልንም» አላቸው።

ሸኽ ጀውሀር ግን፣ «ያመኑኝ እሷን ይዤ ስሄድ አይተው ነው። ሞቷን እንዴት እደብቃቸዋለሁ?» አሉ።

በጁምዓ ቀን መስጊዱ ደጃፍ ቆሙ። «ልጄ ሞታለች፤ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ማቆያው ገብተው የዳኑ አሉ፤ የሞቱም አሉ። እቤት የቀረ በሽተኛ ግን ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። አምጧቸው።»

ሹሙ የፈራው ደረሰ። ሰው ፊቱን አዞረባቸው፤ ሰላምታቸውን የሚመልስ እንኳ ጠፋ። በሽተኛ እንደገና ተደበቀ፤ ሰው ያለቀበት ቤት በዛ። ሸኹ ከሶላት በኋላ ብቻቸውን ተቀምጠው «ያ ረብ፣ እኔ ይሆን ያስጨረስኳቸው?» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

አንድ ቀን ሉባባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የታመመ ትንሽ ልጇን ታቅፋ መጣች።

«ሸሆቹ፣ ይህ ልጅ ቢሞት ይነግሩኛል?»

«እነግርሻለሁ።»

«እንግዲያው ይውሰዱት። ሌላው ሁሉ ይዋሸኛል።»

ልጁ ሞተ። ሸኹ ራሳቸው ደጇ ድረስ ሄደው ነገሯት። ሉባባ መሬት ላይ ተዘርራ አለቀሰች። ሊሄዱ ሲነሱ ግን የልብሳቸውን ጫፍ ይዛ «እህቱም ታማለች፤ እሷንም ይውሰዷት» አለች።

ልጅቷ ተረፈች። ወረርሽኙም አለፈ። መስጊዱ ግን እንደ ድሮው አልሞላም፤ ሰው የሰው እጅ ለመጨበጥ ይፈራ ነበር። የሸኹም ፊት ዳግመኛ አልፈካም። አንድ ሰው «ያን ሁሉ ሶብርና ትዕግሥት ከየት አገኙት?» ቢላቸው፣ «ሶብር አልነበረኝም። የምታምነኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን መዋሸት አቃተኝ» አሉ።

ወገኖቼ፣ አማና ስንባል የምናስበው በአደራ ተቀምጦ የሚመለስ ዕቃ ነው። የሸኽ ጀውሀር አማና ግን እውነት ነበር፤ ለእናት የልጇን መርዶ አድርሰዋል፤ እሷም ስለዚሁ መርዶ ሌላዋን ልጇን ሰጠቻቸው። ንግግራቸው ስንቱን እንዳዳነ፣ ስንቱን እንዳስደበቀ አላህ ያውቃል። እኛ የምናውቀው በዚያ ጨለማ ዘመን አንዲት እናት የምትሄድበት ሰው እንዳላጣች ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ መከራ ቢመጣ፣ እኛስ ወደ ማን እንሄዳለን?