መስኮቱ ሳይዘጋ የተቀዳው መዝገብ

አንድ የመረጃ ሠራተኛ ነበረ። ሥራው በጎርፍ የተበታተኑ ሰዎች የሚፈላለጉበትን መዝገብ መጠበቅ ነበር። መዝገቡ ወረቀት አይደለም፤ ሰርቨር በሚሉት ማሽን ውስጥ ያለ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በቁጥሩ ሥር ሰውዬው አሁን ያለበት ቦታ ይጻፋል። ዘመድ መጥቶ ስም ሲጠራ ቁጥሩ ይወጣል፣ በቁጥሩም ቦታው ይታያል። ሠራተኛው ይህን መዝገብ ይወደው ነበር። በመዝገቡ የተገናኙ ሰዎች ቢሮው ደጃፍ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እያየ፣ እሱም ወደ ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ማሽኑ አረጀ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጥ ይል ጀመር። አዲስ ማሽን መጣና ሠራተኛው በአሮጌው ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ሊገለብጥ ተነሣ። ሥራው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ ነበር። በመስኮቱ የምትቀመጠው መዝጋቢ፣ «ጋሼ፣ እስኪያልቅ መስኮቱን ልዝጋው?» አለችው።

ወጥቶ ሰልፉን አየ። ብዙዎቹ ከሩቅ በእግራቸው የመጡ ነበሩ።

«እነዚህን እንዴት እንመልሳቸዋለን? አንቺ አሮጌው ላይ መጻፍሽን ቀጥይ፤ እኔ መቅዳቱን እቀጥላለሁ» አላት። ከልቡ አዝኖላቸው ነበር።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት የታመመች አሮጊት በሰው ተደግፋ መጣች። ቀድሞ የተመዘገበችው ከአንድ ትምህርት ቤት መጠለያ ነበር። «እህቴ ቤቷ ልትወስደኝ ነው። ባለቤቴ ቢመጣ እዚያ ሄዶ እንዳይደክም፣ አዲሱን ቦታ ጻፊልኝ» አለች። መዝጋቢዋ ጻፈችላት። የአሮጊቷ ቁጥር ግን ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ከነቀድሞ ቦታዋ ተቀድቶ አልፎ ነበር።

ቅጂው አለቀ። ሠራተኛው በዚያ ቀን አዲስ የተመዘገቡትን ሰባት ሰዎች ለይቶ ጨመረ። በሁለቱም ማሽኖች ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አስቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም። በነባሮቹ ቁጥሮች ሥር የተለወጠ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ግን አላሰበም።

«አሮጌውን ጥቂት ቀን ብናቆየውስ?» አለች መዝጋቢዋ።

«ገጥሟል እኮ። ምን ቀረ?» አለና አሮጌውን ጠርጎ አጠፋው።

በሳምንቱ የአሮጊቷ ባል መጣ። ሚስቱ ትምህርት ቤቱ መጠለያ ውስጥ እንዳለች ተነገረውና ምርኩዙን ይዞ ሄደ። ሲደርስ መጠለያው ተዘግቷል፤ ክፍሎቹ ውስጥ ተማሪዎች ይማራሉ። ተመልሶ መጥቶ ይህንኑ ሲናገር መዝጋቢዋ የሚስቱን ስም ሰምታ ደነገጠች።

«እኔ ራሴ ለውጬላት ነበር እኮ» አለች።

ሠራተኛው ያን ጊዜ ገባው። መዝጋቢዋን የቦታውን ስም እንድታስታውስ ለመናት። እሷ ግን ያን ዕለት ስንቱን ሰው ጽፋለች፤ የአሮጊቷ ፊት እንጂ የቦታዋ ስም አልመጣላትም።

የሚስቱ እህትም በጎርፉ ከቀድሞ ቤቷ ተፈናቅላ ነበርና፣ ሽማግሌው ከከተማ ከተማ ሲዞር ሦስት ወር አለፈ። የእህቷን ቤት ያገኘው ሚስቱ በተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ከዚያ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሠራተኛው ሊሰድበኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ሽማግሌው አልተቆጣም። «ቁጥሯን አጥፉት። ከእንግዲህ የሚፈልጋት የለም» አለው።

ሠራተኛው ተቀምጦ ቁጥሩን አወጣ። ከሥሩ ያ ትምህርት ቤት ተጽፏል። ጣቱ ግን እንቢ አለው።

ልጄ፣ አንተም ወደ እኔ፣ ወደ አባትህ የድሮ ወዳጅ መጥተህ፣ «አባቴ የሚያውቀውን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ አጠገቡ መቀመጤ ምን ይጨምራል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የቀዳኸው የዚያን ሰሞን አባትህን ነው። እሱ ግን ገና በሕይወት አለ፤ እያሰበ ያድራል፣ ትናንት ያለውን ዛሬ ይለውጣል። አንተ ድምፁን የቀዳህባቸውን ክሮች ቆጥረህ ገጥሟል ትላለህ።

ዛሬ ጠዋት ልጠይቀው ገብቼ ነበር። ከወንድሙ የተጣላው በማን ጥፋት እንደሆነ ነገረኝ፤ ለአንተ ነግሮህ በክሩ ያሰማኸኝን አይደለም የነገረኝ። ሂድ፣ እኔ ሳልሆን አንተ ስማው።