የእሁዱ ቤት

«አንድ ደላላ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ክንፈ።

ጠያቂው ምንተስኖት ነው፤ በልጅነቱ ያስተማሩት፣ ዛሬ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ እየለካ የሚያረጋግጥ ባለሙያ። አንድ ተቋራጭ ያስቆፈረውን ጉድጓድ በመስከረም እንዲለካለት ጠይቆታል። በመስከረም ጉድጓዱ ሙሉ ነው፤ በመጋቢት እንደሚደርቅ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። የምንተስኖት አለቃም ይሁን ብሏል። «የምጽፈው ቁጥር እውነተኛ ነው» አለ ምንተስኖት። «አንዲት ቃል ካልዋሸሁ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» መምህሩ መልሱን እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

ደላላው ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ነበረ። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ግንብ ሥር ከሌሎች ደላሎች ጋር ይውላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ዋሽቶ አያውቅም። እሱም ይህን ይናገር ነበር፣ ሌሎቹም ይመሰክሩለት ነበር። የተሰነጠቀ ግድግዳ ደህና ነው አይልም። ካርታ የሌለውን ቤት ካርታ አለው አይልም። የእሱ ጥበብ ሌላ ነው፤ ሰዓት ይመርጣል።

እያንዳንዱ ቤት የሚያምርበት ሰዓት እንዳለው ያውቃል። ጠጅ ቤት የሚጎራበተውን ቤት በጠዋት ያሳያል። ጎርፍ የሚገባበትን በጥር። ውሃ ማክሰኞ ብቻ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ገዢውን ማክሰኞ ይዞ ይሄዳል፤ ገና ከመግባታቸውም ቧንቧውን ራሱ ይከፍተዋል። ገዢው የጠየቀውን ሁሉ በእውነት ይመልሳል። ያልጠየቀውን ሰዓቱ ይመልስለታል። ደላሎቹ ሁሉ ይህን ጥበብ ከእሱ ነው የተማሩት።

ለአንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ቤት አገኘላት። ሁለት ክፍል፣ ግቢው ውስጥ የዘይቱን ዛፍ፣ ንጹሕ ወረቀት ያለው ቤት። አንድ ግድግዳው ግን ከወፍጮ ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ ወፍጮው ደግሞ የሚያርፈው እሁድ ብቻ ነው። ደላላው ሴትዮዋን እሁድ ወሰዳት። ዛፉ ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ስለ ጣሪያው ጠየቀች፣ ነገራት። ስለ ወረቀቱ ጠየቀች፣ አሳያት። ስለ ጎረቤት አልጠየቀችም። ገዛችው፤ እናቷን ይዛ ገባች። ሰኞ ጠዋት ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

በስምንተኛው ወር ወደ መናኸሪያው መጣች። ደላላው ከሩቅ አያት፤ የሚመልስላትንም አዘጋጀ። አልጠየቅሽኝም ሊላት ነበር። ሴትዮዋ ግን አልተጣላችውም። እናቷ የደም ግፊት እንዳለባት፣ ሐኪሙ እረፍት እንዳዘዘላት፣ እዚያ ቤት ግን እረፍት እንደሌለ ነገረችው። መሸጥ ትፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ሥራዎን ያውቃሉ» አለችው። «እኔን እንደወሰዱኝ፣ ገዢውን እሁድ ያምጡልኝ።»

ስድብ አልነበረም። እንዲያውም አመስጋኝ ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገረችው። ደላላው እሺ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራውን ከሌላ ሰው አፍ እንዲህ ተራቁቶ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ የመጋዘን ዘበኛ ቤት ፈልጎ መጣ። ማታ ማታ ይጠብቃል፤ ቀን ቀን ይተኛል። ዛፍም አልፈለገ፣ ሰፊ ግቢም አልፈለገ። «ቀን እንቅልፍ የሚያስተኛኝ ይሁን እንጂ ሌላው ይቅርብኝ» አለ። ደላላው ለእሁድ ቀጥሮ ቢወስደው አንድ ቃል መናገር አያስፈልገውም ነበር። ጸጥታውስ እንዴት ነው ቢባል እንኳ፣ ቆመህ ስማ ማለት ይበቃዋል። ያም እውነት ነው።

ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወሰደው።

ወፍጮው እየሠራ ነበር። መደርደሪያው ላይ ስኒዎቹ ይንኳኳሉ። የሴትዮዋ እናት ጆሮዋን በሻሽ አስራ ተኝታለች። በመስኮቱ የገባው ዱቄት የስፌት መኪናውን ሸፍኖታል። ዘበኛው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆየ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ከእሁድ በቀር ሁልጊዜ።»

ዘበኛው ደላላውን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሰውዬ፣ ልትሸጥልኝ ነው ወይስ ልታስጠነቅቀኝ?» አለና ስቆ ወጣ። አልተመለሰም።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ወፍጮው ስለሚጮህ ግን ጠጋ ብላ ነው የተናገረችው።

«ለእኔ ሲሆን እሁድ፣ ለእሱ ሲሆን ሰኞ። ምን አድርጌዎት ነው?»

ደላላው ሁለት ጊዜ እንደበደላት ገባው። የመጀመሪያውን ዝም ብሎ፣ ሁለተኛውን ተናግሮ። ይቅርታ ቢላት እናቷን አያስተኛላትም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖርበት ቤት ነበረው፤ ከከተማው ዳር፣ ቀን የዶሮ ድምፅ እንጂ ሌላ የማይሰማበት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«የጎዳሁሽ እኔ ነኝ፣ ዘበኛው አይደለም። ይህ ቤት እስኪሸጥ አንቺና እናትሽ የኔ ቤት ግቡ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አላመሰገነችውም። ቁልፉን ግን ተቀበለች፤ በማግስቱም ወጡ።

ወሬው መናኸሪያው ግንብ ሥር ደረሰ። ደላሎቹ ተራ ይዘው ነው ገበያ የሚቀበሉት፤ ተራውን የሚጠብቀው ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ነው። እሱ የደላላውን ስም ከተራው አወጣ። ከዚያም ሁሉም እየሰሙ፣ እኛን ሁላችንን ሌባ ማለትህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው።

«እናንተን አላነሳሁም» አለ ደላላው። «እኔም ሌባ አልነበርኩም። ሰዓት መራጭ ነበርኩ። ከእንግዲህ ሰዓት አልመርጥም።»

ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገሩት፤ አልሄደም። ከግንቡ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በነጋታውም፣ ከዚያ በኋላም እዚያው ተቀመጠ። ከወፍጮው ቤት ስለሚመጣ ትከሻው ነጭ ነው። ደላሎቹ ከማዶ ሆነው «ጋሽ ዱቄት» ይሉታል፣ ዛሬ ስንት ኩንታል ፈጨህ ይሉታል። አንዱ አዝኖለት መጣና፣ ደንበኛ እንዳይሸሽህ ቢያንስ ትከሻህን አራግፍ ብሎ መከረው።

«የምሸጠው ቤት ዱቄት ነው» አለው። «ይታይ።»

መጨረሻው መልካም ሆነ ብዬ አልነግርህም። ቤቱ በአሥራ አራተኛው ወር ተሸጠ፤ የገዛው የወፍጮው ባለቤት ነው፣ ለእህል ማስቀመጫ። ሴትዮዋ የገዛችበትን ዋጋ አላገኘችም። ደላላውም ወደ ተራው አልተመለሰም። ጥቂት ሰዎች እየመጡ፣ የዚህ ቤት ክፉ ሰዓቱ መቼ ነው ብለው ይጠይቁት ነበር። ይነግራቸዋል፤ በዚያ ሰዓትም ይወስዳቸዋል። እስኪሞት የኖረው ከእነሱ በሚያገኘው ነው። ደላሎቹ እስከ መጨረሻው አልወደዱትም፤ እሱም እስከ መጨረሻው ከድንጋዩ አልተነሣም።

መምህር ክንፈ እዚህ ላይ ወደ ምንተስኖት ዞሩ።

«ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው አልከኝ። ቁጥርህ ላይ አይደለም። መስከረም ላይ ነው። መስከረም ያንተ እሁድ ነው፤ ጉድጓዱ ደግሞ ቤቱ ነው። በመጋቢት እንስራዋን ይዛ ከጉድጓዱ አፍ የምትቆመዋ ሴት፣ እሁድ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የሚታለለው ዘበኛ ናት፤ የምትኖረው በሌሎቹ ቀናት ነው። አንተ ቃልህን ጠብቀህ እሷን በሰዓቱ ልታታልላት ነው።»

«በመጋቢት እለካለሁ ብል ከሥራ ያስወጡኛል» አለ ምንተስኖት።

«ሊያስወጡህ ይችላሉ። አያስወጡህም አላልኩም» አሉ መምህሩ። «በመጋቢት ለካ። ካስወጡህም ማዶ ተቀመጥ፤ ትከሻህን ግን አታራግፍ።»